ለእኔ የተገዛው የግራኝ ጠመንጃ

ግራኝ መሆኔ የታወቀው በአስራ አንድ ዓመቴ፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ በቀኝ እጄ እየበላሁ፣ በቀኝ እጄ እየጻፍኩ፣ የሰፈሩን ወንዶች ልጆችም በቀኝ እጄ በበረዶ እየደበደብኩ ኖሬያለሁ። አባቴ ግን ያን ሁሉ ዓመት ተሳስቼ እንደኖርኩ በአምስት ደቂቃ አስረዳኝ።

ወጥ ቤት ነበርን። እናቴ ኢርማ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት የታሸገበትን ቂጣ ከምድጃ ታወጣለች። አባቴ ከፊቴ ቆሞ፣ «አይሊ፣ ሁለት እጆችሽን ወደፊት ዘርጊና በመሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ ሥሪ። ሁለቱንም ዓይንሽን ገልጠሽ በቀዳዳዋ የግድግዳውን ሰዓት እዪ» አለኝ።

አየሁ።

«አሁን ግራ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ። ሰዓቱ ጠፋ፤ የራሴን መዳፍ ብቻ አየሁ።

«ጠፋ!» አልኩ።

«አየሽ ኢርማ? ጌታው ግራ ዓይኗ ነው! ይቺ ልጅ ግራኝ ተኳሽ ናት። ከእንግዲህ የግራኝ ጠመንጃ ያስፈልጋታል።»

እናቴ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ «ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው ባካችሁ» አለች። «ልክ በዘንድሮው ዓመት!»

በጣም ደስ ያላት መሰለኝ።

አባቴ ሬይኖ ሃውታላ የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በሰሜን አሜሪካ፣ በላይኛው ሚሺጋን፣ ከትልቁ ሐይቅ የሚነሳው በረዶ መንገዱን ከሜዳው ሲደባልቀው፣ አርባ ልጅ ጭኖ የማዕድን ማውጫውን ዳገት ጎማው ላይ ሰንሰለት ሳያስር የሚወጣ እሱ ብቻ ነው ይባልለት ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። በእኛ በፊንላንዶች አዳራሽ ምድር ቤት ውስጥ ባለው የኢላማ ተኩስ ክበብ ስድስት ዓመት ተከታትሎ አንደኛ ወጥቷል። ስድስቱንም ዓመት ሁለተኛ የወጣው ዌንዴል የሚባል፣ አንገቱ አጭር፣ ንግግሩም አጭር የሆነ ሰው ነው። ዌንዴል የአውቶቡሶቹ ጋራዥ ኃላፊ፣ ማለትም የአባቴ አለቃ ነበር። በዚያን ጊዜ ግንዛቤዬ፣ ሥራ ላይ የሚያዝዝህን ሰው እሁድ እሁድ ማሸነፍ የዓለም ፍትሕ ማለት ነው።

ግራኝነቴን በሙሉ ልቤ ተቀበልኩት። ሹካውን ወደ ግራ አዞርኩ። ጥርሴን በግራዬ መፋቅ ጀመርኩ። ትምህርት ቤት በግራ እጄ የጻፍኩትን የቤት ሥራ መምህሬ አገላብጣ አይታ፣ ልጅቷን የሚያንቀጠቅጣት ነገር አለ ወይ ስትል ለእናቴ ደብዳቤ ላከች። እናቴ ደብዳቤውን አንብባ ለአባቴ አቀበለችው። አባቴ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ከዚያ ጭንቅላቱን እንደ ዶሮ ወደ ጎን አዘንብሎ አነበበና ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

ኦርቪል ትሬግምቦ ጠመንጃ፣ የዓሣ መንጠቆ፣ የመንጠቆ ትልና ያገለገለ የበረዶ ጫማ በአንድ ጠባብ ሱቅ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። አያቶቹ ከእንግሊዝ፣ ከኮርንዎል የመጡ ማዕድን ቆፋሪዎች ስለነበሩ፣ እኛን ፊንላንዶችን መተረብ በውርስ ያገኘው መብት ይመስለው ነበር።

«እናንተ ሳውና ውስጥ፣ በእንፋሎት ካልታጠናችሁ አፋችሁ አይከፈትም» አለ ገና ስንገባ። «ተናገር እንግዲህ፣ ምን ፈለግህ?»

«ለልጄ የግራኝ ጠመንጃ። ለኢላማ።»

«ለአይሊ? ግራኝ ናት?»

«ነኝ» አልኩ፣ ግራ እጄን እንደ ምስክር ወረቀት አንስቼ።

የግራኝ ጠመንጃ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። በተራው ጠመንጃ መቀርቀሪያው በቀኝ በኩል ነው። በግራ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ እጁን አሻግሮ መዘርጋት፣ ጉንጩንም ከሰደፉ ማንሳት አለበት። ጉንጩ ከተነሳ ያገኘው ቦታ ጠፋ፤ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ኦርቪል ግን ከጓዳው ሁለት ይዞ መጣ። አንደኛዋ አጭርና ቀላል፣ ሰደፏ ቀጭን። ትከሻዬ ላይ ሳስቀምጣት በልኬ የተሰፋች ያህል ልክክ አለች። ሁለተኛው በርሜሉ ወፍራም፣ ሰደፉ ከከባድ እንጨት የተጠረበ ነው፤ ላነሳው ስሞክር አፈሙዙ ወደ ወለሉ ደፋ አለብኝ።

«ይቺ ናት የኔ» አልኩ ትንሿን አቅፌ።

«ቀላል ናት፤ ትንቀጠቀጥብሻለች» አለ አባቴ። ከዚያም ከባዱን ተቀበለኝና፣ ጥይት አለመኖሩን በጣቱ ዳብሶ አረጋግጦ፣ በትሉ ሣጥኖች መሃል ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛ። ሰደፉን ግራ ትከሻው ላይ ተከለ፣ ጉንጩን አሳረፈ፣ መቀርቀሪያውን በግራ እጁ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ።

«አባዬ፣ የኔ ነው እኮ!»

«አባት ለልጁ ቀምሶ ነው የሚሰጠው» አለኝ ከወለሉ።

ቅምሻው ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ኦርቪል በመጨረሻ፣ «ሰደፉ ለልጅቷ ይረዝማል። ሁለት ጣት ያህል ልቁረጥላት?» ሲል አባቴ ከወለሉ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«እንዳትነካው! ታድጋለች።»

ዛሬ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ለዚያ ሰደፍ ገና አላደግሁም።

የማነጣጠሪያው መነጽር ምርጫ ደግሞ የባሰ ሆነ። ኦርቪል ሁለት መነጽር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ትንሿ ለአደን ናት፤ ለሩቅ ተብላ ነው የተሠራችው» አለ። «እናንተ ምድር ቤት ውስጥ በአስራ አምስት ሜትር ስትተኩሱባት፣ ጭንቅላትህ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ውስጧ ያለችው የማነጣጠሪያ መስቀል ኢላማው ላይ ትዋልላለች። አንተ ዝም ብለሃል፣ እሷ ትጨፍራለች። ትልቁ ግን ይችን ቀለበት ስታዞራት ለቅርቡም ለሩቁም ይስተካከላል። መስቀሉ ካረፈበት ንቅንቅ አይልም።»

አባቴ ትልቁን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከመንገዱ ማዶ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። መነጽሩን በግራ ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ «እሁድ ከጸሎት በኋላ ቡናና ዳቦ። ሳህን የወሰዳችሁ፣ መልሱ» ብሎ አነበበ። ኦርቪል ሳቀ። አባቴ ቀስ ብሎ መነጽሩን ወደ ቀኝ ዓይኑ አዛወረው። ቆመ።

«አባዬ፣ አሁንስ ምን ይላል?»

«ጭጋግ ነው።»

ውጭ የመጀመሪያው በረዶ ላይ ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ጭጋግ የሚባል ነገር አልነበረም። አሰብኩ፣ አሰብኩና መልሱን ደረስኩበት።

«ሚስተር ትሬግምቦ፣ ይሄ የግራኝ መነጽር ነው እንዴ?»

ኦርቪል አፉን ከፈተ። ወደ አባቴ አየ፣ የአባቴ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አዎን የኔ ልጅ» አለ። «የግራኝ ነው። በቀኝ ዓይን ምንም አያሳይም።»

ይህን እውቀት ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አስተምሬያለሁ። የግራኝ መነጽር የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ የነገረኝ አልነበረም።

ኦርቪል ዕቃውን ሲጠቀልል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሬይኖ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለው።

«ምኑ?»

«ግራኝ ልጅ… ያለህ።»

አባቴ ጓንቱን ሲያጠልቅ ቆየ። «ከነሐሴ ጀምሮ» አለ።

እኔ የተወለድኩት በመጋቢት ነው። አባቴ ልደቴን እንደማያውቅ በመረዳቴ እስከ ቤት ድረስ አኮረፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ምድር ቤት ይዞኝ መውረድ ጀመረ። አባቴ ዘንድሮ እንደማይወዳደር፣ ልጁን እንደሚያሠለጥን ለክበቡ አስታውቋል። አክሊሉን ለእኔ ሲል የጣለ ንጉሥ አድርጌ አየሁት። ሥልጠናው ግን ይህን ይመስል ነበር፤ እኔ ሦስት ጥይት እተኩሳለሁ፣ እሱ «እንዲህ አይደለም፣ ላሳይሽ» ይልና ሠላሳ ይተኩሳል። ቀለሁን የምለቅመው እኔ ነኝ። በመጀመሪያ ሰሞን ጥይቶቹ ኢላማው ላይ እንደ ተበተነ ምስር ነበሩ። እያደር ተሰበሰቡ፤ በገና ሰሞን አምስቱንም በአንዲት ሳንቲም መሸፈን ይቻል ነበር።

አንድ ቀን ዌንዴል ከኋላችን ቆሞ፣ «ሬይኖ፣ ልጅህ ግራኝ ናት አሉኝ» አለ።

«ናት።»

«የመኪናዬን መስታወት በበረዶ ስትመታ በቀኟ መስሎኝ ነበር።»

«ያኔ ገና አልታወቀም ነበር» አልኩት።

ዌንዴል ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ መኪና መንዳት ስታስተምረኝ፣ በአስራ ስድስት ዓመቴ። በዚያ ዓመት ከነሐሴ ጀምሮ በአባቴ ቀኝ ዓይን መሃል ላይ ጉም ተቀምጦ ነበር። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊት ያለው ግን የለም። ማርኬት ከተማ ያለው ሐኪም አይድንም ብሎታል። በአንድ ዓይን ብቻ ለሚያይ ሰው የተማሪ አውቶቡስ መንዳት ክልክል ነው። የስድስት ዓመት ሻምፒዮን ደግሞ ለራሱ የግራኝ ጠመንጃ ቢገዛ ከተማው በአንድ ቀን ምክንያቱን ያውቀዋል። ስለዚህ ግራኝ ልጅ አስፈለገው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ያ የቀዳዳው ፈተና ማታለያ ነበር እያልኩ ስወቅሰው ኖርኩ። አርባ ዓመት ሲሞላኝ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ሐኪሟ ያንኑ ፈተና ሰጥታኝ፣ «በቀኝ እጅሽ ነው የምትሠሪው፣ ጌታው ግን ግራ ዓይንሽ ነው» አለችኝ። ለአባቴ ስደውልለት፣ «እኔስ ምን አልኩ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ የት አውቄ። ከገና በፊት በነበረው ሳምንት፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ አባቴ አውቶቡሱን ሲያዞር በቀኝ በኩል የሚስስ ኒሚን የፖስታ ሣጥን ከነምሰሶው ገነደሰው። ሚስስ ኒሚ አጥሯን የነካ ልጅ ላይ የእሳት መቆስቆሻ ይዛ የምትወጣ ሴትዮ ናት። አውቶቡሱ በጭብጨባ ተናጋ። አባቴ ስለ እኛ የተበቀላት ነው የመሰለኝ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ሣጥኑን ከበረዶው ውስጥ አንስቶ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ፊቱ ነጭ ነበር። ብርዱ ነው አልኩ።

ያን ቀን እራት ላይ፣ እናቴ ድንቹን እየላጠች፣ «ዛሬ ሣጥን ነው። ነገስ?» አለች።

እኔም ነገ የማን እንደሚሆን ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። ምርጫዬ የሒሳብ መምህራችን አጥር ነው።

«እነግራቸዋለሁ» አለ አባቴ።

«መቼ?»

«ግራው ይልመድልኝ። አየሽው እኮ፣ አምስቱም አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት።»

«ወረቀት መምታትና አርባ ልጅ መጫን አንድ ሆነብህ?»

«ኢርማ፣ ልጅቷ…»

«ልጅቷማ አትስማ! ልጅቷ ግራኝ ናት» አለችና ቢላውን አስቀምጣ ከክፍሉ ወጣች። በግራኝነቴ የምትቀና መሰለኝ።

ከገና እረፍት ስንመለስ የዌንዴል ቀይ መኪና ጠዋትና ማታ ከአውቶቡሳችን ኋላ መታየት ጀመረ። ስንቆም ይቆማል፤ ስንሄድ ይከተላል። በኋላው መስኮት ምላሴን አወጣበት ነበር። ተሸናፊ ምን ሥራ አለው፣ አሸናፊውን መሰለል ነው እንጂ!

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። ዌንዴል ከአባቴ ፊት ቆሞ፣ «ሬይኖ፣ አንድ ጊዜ ጋራዥ ብቅ ብትልልኝ፣ ብቻችንን እናውራ» ሲለው፣ አባቴም ለሦስተኛ ጊዜ «ሌላ ቀን» ሲል ሰማሁ። አባቴ የፈራ መሰለኝ። አባቴ ደግሞ ፈሪ አይደለም።

«አባቴ በግራውም ቢሆን ያሸንፍዎታል!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ፣ «አይሊ!» አለ።

ዌንዴል ተቆጥቶ አልነበረም፤ ያ ነው የገረመኝ። ጎንበስ ብሎ እኩያው የሆንኩ ያህል ጠየቀኝ፤ «በግራው ይተኩሳል እንዴ?»

«ሁልጊዜ! ከእኔም ይበልጣል።»

«እንግዲያው ነገ ያሳየን» አለ፤ ቀና ብሎም አባቴን አየው። «እሁድ ከቡና በኋላ። አስር አስር ጥይት።»

እሁድ ምድር ቤቱ በእርጥብ የሱፍ ካፖርትና በባሩድ ሽታ ታፍኗል። ኦርቪል ትሬግምቦ ሳይቀር መጥቷል። እናቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን በሆዳቸው ተኙ። አባቴ «የእኔን» ጠመንጃ ግራ ትከሻው ላይ አደረገ። አተኳኮሱ ቀስ ያለ ነው፤ ይተነፍሳል፣ ያቆማል፣ ምላጩን እንደ እንቁላል ይነካዋል። ጉንጩን ከሰደፉ ሳያነሳ መቀርቀሪያውን ይከፍታል፣ ቀለሁ ወለሉ ላይ ይጮኻል። ወረቀቶቹ ሲመጡ የአባቴ ዘጠና ስምንት፣ የዌንዴል ዘጠና አምስት። አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። ኦርቪል፣ «ይሄ ፊንላንዳዊ በእግሩም ቢተኩስ ያሸንፈናል!» አለ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ እዘላለሁ።

ዌንዴል አልተነሳም፤ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ የራሱን ጠመንጃ ወደ አባቴ ገፋ አደረገለት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለው በዝግታ። ቅርብ ስለነበርኩ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። «አሁን በቀኝህ። አንድ ብቻ።»

አባቴ ጠመንጃውን አየው። ተቀበለ። ቀኝ ትከሻው ላይ አደረገ፣ ጉንጩን አሳረፈ፣ ኢላማው ወዳለበት አቅጣጫ አየ። ጠበቅን። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ሞተ፤ ጥግ ላይ የቡናው ጀበና ሲንተከተክ ብቻ ይሰማል። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ለመዋሸት ሰበብ አያጣም ነበር፤ ትከሻዬን አመመኝ ማለት ይበቃው ነበር። አባቴ ግን መቀርቀሪያውን ከፈተ፣ ጥይቱን አውጥቶ ዌንዴል መዳፍ ላይ አኖረ። ከዚያ ከሱሪው ኪስ የአውቶቡሱን ቁልፍ አወጣና በላዩ ላይ ጨመረበት።

«ከልጆቹ አንዷ የእኔ ናት» አለው። «እሷን አውቶቡስ ላይ እያሳፈርኩ…» ቀሪውን አልጨረሰውም።

«አውቃለሁ» አለ ዌንዴል። «ከገና ጀምሮ ከኋላህ ነበርኩ።»

እኔ የሰማሁት የሰላይ ኑዛዜ ነበር። ያየሁት ደግሞ ውርርድ ነው፤ በግራ የረታ ሰው በቀኙ አልተኩስም ስላለ አውቶቡሱን ተቀማ! «አባዬ ተኩስ እንጂ! ምን ሆነሃል? ተኩስ!» ብዬ እያለቀስኩ እጁን ጎተትኩት። ማንም ሰው ወደ እኛ አያይም ነበር። ሁሉም በአንዴ ጠመንጃውን መጠቅለል፣ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ኦርቪል ባርኔጣውን አውልቆ ይዞ ነበር፤ የት እንደሚያደርገው የጠፋበት ይመስላል።

ወደ ቤት ስንመለስ የነዳችው እናቴ ናት። አባቴ ከጎኗ፣ በተሳፋሪው ወንበር ላይ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት እሱን ሰው ሲነዳው አይቼ አላውቅም። እየቀጣችው ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መብራቱ ጋ ስንቆም፣ እጇን ከማርሹ ላይ አንስታ እጁ ላይ ጣል አደረገችው። ቅጣቱን ያቀለለችለት መሰለኝ።

ዌንዴል ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት አስቀረው፤ አባቴ ጡረታ የወጣው ከዚያ ነው። መዝገቡ ላይ «የወገብ ሕመም» ተብሎ ተጽፏል። እኔ በዚያ የበረዶ ወቅት የዌንዴልን መኪና ጭስ ማውጫ ሁለት ጊዜ በድንች ደፍኜዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በጣቱ ቆፍሮ አወጣና ለማንም ሳይናገር ሄደ።

ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት አባቴ ከእኔ ጋር የአውቶቡሱ መቆሚያ ድረስ በእግሩ መጣ። በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ቆመን ጠበቅን። አውቶቡሱ ዳገቱን ወጥቶ ፊታችን ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። መሪው ላይ ያለው ዌንዴል ነው።

«አልገባም» አልኩ።

«ግቢ።»

«አውቶቡስህን የቀማህ ሰውዬ ነው! ከአንተ በምን ይበልጣል?»

አባቴ ቦርሳዬን ጀርባዬ ላይ አስተካከለልኝ። «ግቢ አይሊ። ሰውዬው ሁለት ዓይን አለው።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ስድብ ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ ሁለት ዓይን ከማንም አይጠፋም፤ ዌንዴል ሌላ የሚመሰገንበት ነገር የለውም ማለቱ ነው። ደረጃውን እየወጣሁ ይህንኑ ለዌንዴል ፊት ለፊት ነገርኩት፤ «አባቴ፣ ሁለት ዓይን አለው፣ በቃ፣ ብሎዎታል!»

ዌንዴል በተከፈተው በር አባቴን አየው። አባቴም እሱን።

«ልክ ነው» አለ ዌንዴል፣ በሩንም ዘጋ።